ዓመት በዓመት፦ የአራዳ ባሕረ ሐሳብና የጄኔሬተር ፋንክሽን ታሪክ



 የታሪክ ሰዎችና የኮምፒዩተር ሳይንስ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ነገር ሲያዳምጡ ማየት የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ትዕግሥት እለምናለሁ። የታሪክ ተማሪዎች ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ስናገር፣ የኮምፒዩተር ተማሪዎችም ስለ አበቅቴና መጥቅዕ ሳነሣ ጥቂት ታገሡኝ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ መንገዶች አንድ ሥፍራ ይገናኛሉ፤ ሥፍራውም ከዚህ ብዙ የማይርቀው አራዳ ጊዮርጊስ ነው።

የምናገረው ስለ አንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘው ግን ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስሕተቱን ለመረዳት በመጀመሪያ ሁለት ታሪኮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ፕሮግራም የሚማር ሰው ሁሉ ከሚተዋወቃቸው ነገሮች አንዱ ፋንክሽን ነው። ፋንክሽን ትጠሩታላችሁ፤ ሥራውን ይሠራል፤ ውጤቱን ይመልሳል፤ ከዚያም የሠራበትን ሁሉ ይረሳል። ኮምፒዩተሩ ለጊዜው የከፈተለት የሥራ ቦታ ይዘጋል፤ በውስጡ የነበሩት ቁጥሮችም ይጠፋሉ። ዳግመኛ ብትጠሩት እንደ አዲስ እንግዳ ከመጀመሪያው መስመር ይነሣል። ይህ ለብዙ ሥራ ይበቃል። ነገር ግን ውጤቱ አንድ ሳይሆን ተከታታይ ሲሆን ችግር ይመጣል። ፋንክሽኑ ውጤቶቹን ሁሉ አጠራቅሞ በአንድ ዝርዝር እንዲመልስ ካደረግነው፣ ዝርዝሩ እስኪሞላ ድረስ ጠያቂው ይጠብቃል፤ ሜሞሪውም በማይፈለጉ ውጤቶች ይያዛል። ተከታታዩ ማለቂያ የሌለው ከሆነማ ፋንክሽኑ ከቶ አይመለስም።

ከዚህ ችግር ለመውጣት የተገኘው ዘዴ ሲናገሩት ቀላል ነው። ፋንክሽኑ አንድ ውጤት ሰጥቶ ባለበት ይረፍ፤ የሥራ ቦታው ግን አይዘጋ፤ የያዛቸው ቁጥሮችና የደረሰበት መስመር እንዳሉ ይቆዩ፤ ቀጣዩን ሲጠይቁት ካረፈበት ይነሣ። ዛሬ ጄኔሬተር ፋንክሽን የምንለው ይህን ነው።

ዘዴው በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። አሜሪካዊው ሜልቪን ኮንዌይ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኮሩቲን የሚለውን ቃል አወጣ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፉም የኮቦል ቋንቋ ኮምፓይለር ክፍሎች አንዱ ሌላውን እንደ ጌታ ሳያዝዘው፣ እንደ እኩያ እየተቀባበሉ እንዴት ሊሠሩ እንደሚችሉ አስረዳ። አንዱ ክፍል ጥቂት ይሠራና ያቀብላል፤ ሌላው ተቀብሎ ጥቂት ይሠራና ይመልሳል፤ ሁለቱም የደረሱበትን አይረሱም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቿ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ክሉ የተባለውን ቋንቋ ሲሠሩ፣ ኢተሬተር ያሉትን ክፍል አስገቡበት። በዚያ ክፍል ውስጥ ዪልድ የሚል ትእዛዝ ነበረ፤ ትርጉሙም «ይህን ስጥና ቆይ» ነው። በዚያው ዐሥርት ዓመት ራልፍ ግሪስዎልድ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ባበጀው አይከን በተባለ ቋንቋ አንድ መግለጫ ከአንድ በላይ ውጤት ተራ በተራ ሊያፈራ ቻለ።

ብዙዎቻችሁ የምትጽፉበት ፓይተን ይህን ዘዴ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ሐሳቡ በግንቦት 2001 እ.ኤ.አ. በኒል ሽሜናወር፣ በቲም ፒተርስና በማግነስ ሊ ሄትላንድ ስም ተጽፎ ቀረበ፤ ቁጥሩም ፔፕ 255 ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የወጣው ፓይተን 2.2 ተቀበለው። ጸሐፊዎቹ ያነሡት ችግር ተጨባጭ ነበር። የፕሮግራም ጽሑፍን እየቆራረጠ ቃል በቃል የሚያወጣ አንድ ክፍል በፓይተን ውስጥ ቀድሞውኑ ነበረ፤ ነገር ግን ያ ክፍል ራሱ አዛዥ ሆኖ ተጠቃሚውን በየቃሉ ይጠራው ነበር። ተጠቃሚው የደረሰበትን ሁሉ በየጥሪው መካከል በሌላ ሥፍራ ለማስቀመጥ ይገደድ ነበር። ጄኔሬተር ይህን ሸክም ከተጠቃሚው ላይ አነሣ። ሁለቱም ወገን በተፈጥሯዊ ቅደም ተከተላቸው ሊጻፉ ቻሉ።

አንድ ክርክር ግን እዚያ ላይ ተነሥቶ ነበር። ጄኔሬተር ከውጭ ሲታይ ከተራ ፋንክሽን አይለይም፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ይጀምራሉ። ሲጠራ ግን ጠባዩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ በሆዱ ካለው አንድ መስመር እንኳ ሳይሠራ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ነገር ብቻ ይመልሳል። ጠባዩ ይህን ያህል ከተለየ መጠሪያው ለምን አይለይም የሚሉ ነበሩ። የፓይተን መሥራች ጊዶ ቫን ሮሰም መጠሪያው ባለበት እንዲቀር ወሰነ። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን ፋንክሽኑ የሚያስታውስ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሆዱን ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ ልሻገር።

አራዳ ጊዮርጊስ ለዐድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ ካቴድራል መሆኑን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዘውድ የደፉት እዚያ ነው። በዙሪያው የነበረው የአራዳ ገበያ የከተማው እንብርት ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ አዛወሩት፤ ለቀረው ሠፈርም ፒያሳ የሚለውን ስም ትተውለት ሄዱ። ስለ ነጋዴው፣ ስለ ወርቅ ሠሪው፣ ስለ ሲኒማ ቤቱና ስለ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ብዙ ተጽፏል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በየዓመቱ ይሠራ ስለ ነበረው ስሌት ግን ከሊቃውንቱ ውጭ የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ስሌቱ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ትውፊቱ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ከነበረው ከድሜጥሮስ ያያይዘዋል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጻዊው አቡ ሻኪር በዐረብኛ ያዘጋጀው የዘመን ቆጠራ መጽሐፍም ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ በሊቃውንቱ ዘንድ አቡሻክር ተብሎ ይታወቃል። የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ አጥኚው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ ትምህርት በእስክንድርያ የነበረውን ጥንታዊ ስሌት ጠብቆ ያቆየ መሆኑን አሳይቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኀይሌም «ባሕረ ሐሳብ» በሚለው መጽሐፋቸው ትምህርቱን ለአማርኛ አንባቢ አቅርበውታል።

የስሌቱን አካሄድ በአንድ ዓመት ላይ ላሳያችሁ። 2016 ዓ.ምን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ ከዚህ 1 ሲቀነስ 10 ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴው 20 ይወጣል፤ በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፍ ደግሞ መጥቅዑ 10 ይወጣል። የሁለቱ ድምር 30 ነው፤ ሁልጊዜም 30 መሆን አለበት። መጥቅዑ ከ14 በታች ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 10 ይውላል፤ ከ14 በላይ ቢሆን ኖሮ በመስከረም በዋለ ነበር። የዚያ ዓመት ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለሆነ 10 እና 8 ተደምረው 18 ይሆናሉ። ጾመ ነነዌም የካቲት 18 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ይውላል። የዚያን ዓመት ፋሲካ ያከበራችሁ ሁሉ ምስክር ናችሁ።

ልብ በሉ፤ አበቅቴ ማለት የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ትርፍ ነው። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። ስለዚህ አበቅቴን በየዓመቱ ከወንበር ማባዛት ሳያስፈልግ፣ ባለፈው ዓመት አበቅቴ ላይ 11 መጨመር ይቻላል። በመጥቅዕም ላይ እንዲሁ 19 ይጨመራል። ከ30 ሲያልፍ 30 ይገደፋል። የ2016 አበቅቴ 20 ነበረ፤ 11 ሲጨመርበት 31፣ ሲገደፍ 1 ይሆናል፤ የ2017 አበቅቴ 1 ነው። ያም ሌላ 11 ሲጨመርበት የ2018 አበቅቴ 12 ይሆናል።

እንግዲህ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ወደ ምን እንደምሄድ ሳይገባችሁ አልቀረም። በዕንቁጣጣሽ ዕለት በየቤተ ክርስቲያኑ የዓመቱ ወንጌላዊ፣ አበቅቴውና መጥቅዑ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ ይታወጃሉ። የሚታወጀው የአንድ ዓመት ነው፤ የመቶ ዓመት አይደለም። ሊቁ ይህን ሰጥቶ ያርፋል። ትናንት የደረሰበትን ቁጥር ግን በልቡ ይዟል፤ ዓመቱ ዞሮ ሲጠየቅ ካረፈበት ይነሣል። ተከታታዩ በወረቀት ቢጻፍ 19 ዓመት የሚፈጀው የጨረቃ ዑደትና 28 ዓመት የሚፈጀው የፀሐይ ዑደት ተባዝተው 532 ዓመት ይሆናሉ፤ ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ብራና ያለው ደብር ጥቂት ነበረ። ሁለት ትናንሽ ቁጥሮችንና አንድ ደንብ የሚይዝ ሰው ግን በየደብሩ ይገኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላድርግ። «ጄኔሬተርን ሊቃውንቶቻችን ቀድመው ፈጥረውት ነበር» ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ለሊቃውንቱም ለታሪክም ክብር አይሆንም። ኮንዌይና ሊስኮቭ የፈቱት የማሽን ችግር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የሚፈታው የዘመን ችግር ነው። አንዱ ከሌላው አልተቀዳም። ንጽጽሩ የሚጠቅመኝ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ደንቡን ሁለት ዓይነት አድርጎ ማወቅ ለምን አስፈለገ? ከወንበር አባዝቶ ማግኘት ከተቻለ መደመሩ፣ ደምሮ ማግኘት ከተቻለስ ማባዛቱ ለምን ተጠበቀ? መልሱን ያገኘሁት በስሕተቴ ነው።

በ2005 ዓ.ም አንድ መሥሪያ ቤት ለዕቅድ ሥራው የሚጠቅመውን የበዓላት ዝርዝር እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ከ1996 እስከ 2010 ዓ.ም ያሉትን ዐሥራ አምስት ዓመታት የሚሸፍን ነበር። ያን ጊዜ ተማሪዎቼን ስለ ጄኔሬተር የማስተምርበት ወቅት ስለ ነበረ ባሕረ ሐሳብን በጄኔሬተር ልጽፈው ወሰንሁ። የመነሻውን ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ከወንበሩ አሰላሁ፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በየዙሩ አንድ ፋሲካ አውጥቶ ያርፋል፣ ሲነሣ አበቅቴው ላይ 11፣ መጥቅዑ ላይ 19 ይጨምራል፣ ከ30 ሲያልፍም ይገድፋል። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ ስሞቹን በፊደላችን ጻፍኋቸው። ከሃያ መስመር ያልበለጠ ቆንጆ ሥራ ነበረ፤ ኩራትም ተሰምቶኛል።

እንደ ደንቡም ፈተንሁት። ያለፉትን ዐሥር ዓመታት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያዎች አሰባስቤ አስተያየሁ፤ ከ1996 እስከ 2005 ያሉት ዐሥሩም ልክ ነበሩ። ዐሥር ከዐሥር ያገኘ ፕሮግራም ማን ይጠረጥራል?

ዝርዝሩን ለመሥሪያ ቤቱ ከማስረከቤ በፊት ከጊዮርጊስ በታች ይኖሩ ለነበሩ አንድ የአቋቋም መምህር ወስጄ አሳየኋቸው። ስማቸውን እንዳላነሣ ስለ ለመኑኝ አልጠራቸውም። እውነቱን ለመናገር ምክር ፍለጋ አልነበረም የሄድሁት፤ ማሽን የእሳቸውን ሥራ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ላሳያቸው ነበረ። የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። የፋሲካውን ዓምድ አላዩትም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ አበቅቴው የታለ?»

«አበቅቴው በውስጡ ነው፣ የኔታ። ፕሮግራሙ ይዞታል፤ የሚያወጣው ፋሲካውን ብቻ ነው።»

«ያልታየ አበቅቴ እንዴት ይታመናል? የ2006ቱን ንገረኝ።»

ላፕቶፔን ከፍቼ አበቅቴው እንዲታይ አደረግሁ። የ2006 አበቅቴ 29፣ መጥቅዕ 1 ይል ነበር። ድምሩ 30 ስለሆነ ልክ መስሎኝ አነበብሁላቸው። የኔታ ፈገግ አሉ።

«የ2006 ወንበር ስንት ነው?»

አሰላሁት። ዓመተ ዓለሙ 7506 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ አልቦ ነው።

«ወንበሩ አልቦ ከሆነ አበቅቴው ከየት መጣ? ባዶ ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?» አሉኝ።

ነገሩ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። በ19 ዓመት ውስጥ 11 ቀን 19 ጊዜ ይጨመራል፤ ይህም 209 ይሆናል። ትርፉ ሰባት ሙሉ ወር ሆኖ ዑደቱ እንዲዘጋ ግን 210 ያስፈልጋል። አንድ ቀን ይጎድላል። ስለዚህ ዑደቱ ሲያበቃ በ11 ፈንታ 12 መጨመር ያሻል፤ በመጥቅዕ በኩልም በ19 ፈንታ 18። በወንበር የሚያሰላ ሰው ይህን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ወንበሩ ራሱ ወደ አልቦ ሲመለስ አበቅቴውም አብሮ አልቦ፣ መጥቅዑም 30 ይሆናል። እየደመረ የሚሄድ ሰው ግን ይህችን አንዲት ቀን ካላስታወሰ ለዘላለም ተሸክሟት ይሄዳል።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። አበቅቴው ከ2006 ጀምሮ በሙሉ የተሳሳተ ሲሆን የ2006 ፋሲካ ግን ልክ ነበረ። የ2007ም ልክ ነበረ። የ2008ም እንዲሁ። ምክንያቱ የዕለት ተውሳክ ነው። መጥቅዑ በአንድ ቢበልጥ ዕለቱም በአንድ ይገፋል፤ ዕለቱ ሲገፋ ተውሳኩ በአንድ ይቀንሳል፤ መደመሩና መቀነሱ ይጣፋሉ። ለምሳሌ በ2007 ትክክለኛው መጥቅዕ 19 ሰኞ ውሎ የሰኞ ተውሳክ 6 ሲጨመርበት 25 ይሆናል፤ የእኔ 20 ደግሞ ማክሰኞ ውሎ በማክሰኞ ተውሳክ 5 ያው 25 ይሆናል። ስሕተቱ በትክክለኛ ውጤት ተሸፍኖ ሦስት ዓመት ይጓዛል። በ2009 ግን ትክክለኛው መጥቅዕ 27 ዓርብ ይውላል፤ የዓርብ ተውሳክ 2 ነው፤ ድምሩ 29 ሆኖ ነነዌ ጥር 29፣ ፋሲካም ሚያዝያ 8 ይሆናል። የእኔ 28 ደግሞ ቅዳሜ ላይ ወደቀ። ተውሳክ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ሲሻገር ከ2 ወደ 8 ይዘላል። ድምሩ 36፣ ሲገደፍ 6 ሆነና ፕሮግራሜ ነነዌን የካቲት 6፣ ፋሲካንም ሚያዝያ 15 ቀን አደረገው። አንድ ሳምንት ሙሉ ዘገየ። በ2010 ደግሞ ተመልሶ ልክ ሆነ።

ከዐሥራ አምስት ዓመት ዐሥራ አራቱ ልክ ነበሩ ማለት ነው። ያንን ዝርዝር አስረክቤ ቢሆን ኖሮ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ነገሬ ሳይለው ቆይቶ፣ በ2009 የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በዝርዝሩ ላይ ፋሲካን እንደ ተራ እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤን እንደ ፋሲካ ያገኙት ነበር። የኔታ ፋሲካውን ቢያዩ ኖሮ ምናልባት እሳቸውም ወዲያው ባላገኙት። ያዩት ግን ውጤቱን ሳይሆን ውጤቱ የሚወጣበትን ነገር ነው።

ቀደም ሲል ያዙልኝ ወዳልሁት ነገር ልመለስ። የጄኔሬተር ጸጋው የደረሰበትን በሆዱ መያዙ ነው፤ አደጋውም ያው ነው። ተራ ፋንክሽን ስለማያስታውስ የትናንት ስሕተቱን ለነገ አያወርስም። ጄኔሬተር ግን የሚወርስ ነው፤ ትክክሉንም ስሕተቱንም ይወርሳል፤ ከውጭ የምናየው ደግሞ የሰጠንን ብቻ ነው። በፕሮግራም ትምህርት ጄኔሬተርን የምናወድሰው ሜሞሪ ስለሚቆጥብ ነው፤ ምስጋናው ይገባዋል። ነገር ግን ከወዲሁ ወደ ወዲያ ብቻ የሚሄድ፣ መካከሉን ሳያልፍ መጨረሻውን የማያይ መሆኑንም አብረን ማስተማር አለብን። ባሕረ ሐሳብ ለዚህ መድኃኒቱን አብሮ ይዟል። መደመሪያውና ማባዣው ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ አንዱ መንገድ ሲስት ሌላው ይጠራዋል። ሊቃውንቱ ሁለቱን የጠበቁት ትርፍ ዕውቀት ለማከማቸት አይመስለኝም።

ፕሮግራሙን በሁለት ነገር አሻሻልሁት። አንደኛ፣ በየዓመቱ ፋሲካውን ብቻ ሳይሆን ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑንም አብሮ እንዲያወጣ አደረግሁ። ሁለተኛ፣ በየዙሩ የደመረውን አበቅቴ ከወንበር ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር እንዲያመሳክር፣ ካልተስማሙ ግን ዝም ብሎ እንዳይቀጥል አዘዝሁት። ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን የጄኔሬተር ልምምድ የሚሠሩት ዛሬም በዚሁ ነው።

ንግግሬን ከመዝጋቴ በፊት ስለ ሥፍራው አንድ ቃል ልበል። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳ ዶሮ ማነቂያንና ሌሎችንም አሮጌ ሠፈሮች አንሥቷል። የኔታም ከነበሩበት ቤት ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ካቴድራሉ በቦታው ነው፤ ዐዋጁም በየዕንቁጣጣሹ ይነገራል። ነገር ግን በቅጥሩ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሽማግሌዎችና መምህራን በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሕንፃ ሲፈርስ ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ ቅርስ ሲመዘገብም ድንጋዩንና እንጨቱን እንቆጥራለን። ውጤቱ የሚወጣበትን የሰው ዕውቀት ግን በየትኛው መዝገብ እንደምናሰፍረው ገና አልወሰንንም። በዚህ ዓመት ልክ የሆነ ዐዋጅ ሰማን ማለት ደንቡን የሚያውቁ ሰዎች አሁንም በየሥፍራቸው አሉ ማለት አይደለም። የእኔ ዝርዝር ሦስት ዓመት ልክ እየሆነ ውስጡ ግን ስቶ ነበር።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላሉ ለሁለቱ ወገን ተማሪዎች አንድ የጋራ ሥራ እተዋለሁ። የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ ከአራዳ ወደ ሌላ ሠፈር የሄዱትን መምህራን ፈልጋችሁ፣ ምን እንደሚያውቁ ብቻ ሳይሆን ሲያሰሉ ምን እያሉ እንደሚያሰሉ መዝግቡ። የኮምፒዩተር ተማሪዎች ሆይ፣ የመዘገቡትን በማሽን ጽፋችሁ ወደ መምህራኑ መልሳችሁ አስፈትሹ። ፋሲካውን አሳይታችሁ አትመለሱ፤ አበቅቴውንም አሳዩአቸው።